ከአምበር እስከ ፖፖላሬ

ከደጀን ተነስቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያቀና መንገደኛ የትኖራንና ሉማሜን አልፎ አምበር ይደርሳል። አምበር መንገዱን ተከትላ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያዎቿ በባሕር ዛፉ መካከል ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከከተማዋ ጀርባ የጤፍና የስንዴ ማሳ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ በስተሰሜን በኩል ጮቄ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ከፍታውን ይዞ ብቅ ይላል። በጥቅምት ወር፣ አዝመራው ገና ሳይታጨድ ያንን አገር ያየ ሰው ልቤ ለምን እዚያ እንደቀረ አይጠይቀኝም። መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የምወርድበት ሰበብ አላጣም ነበር፤ አንዴ ለጠላ፣ አንዴ ለማር፣ አንዴም እንዲሁ ለመቀመጥ።

የአዲስ አበባውን ካዛንቺስ የማወቅ ጉጉት ያደረብኝም እዚያው አምበር ነው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አንድ ሽማግሌ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቁ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ የአገሩን ዝናብና የከብቱን ደኅንነት ተጠያይቀን ስናበቃ ጨዋታው ወደ መንገዱ ዞረ።

«ይኸን መንገድ መጀመሪያ ለመኪና የከፈተው ጣልያን ነው ሲሉ አባታችን ያጫውቱን ነበር» አሉኝ።

«ሠራተኛው የት ያድር ነበር አባባ?»

«የኛ ሰውማ ሜዳ ላይ ነዋ! ድንጋይ ሲፈልጥ ውሎ ድንጋይ ተንተርሶ ነው የሚያድር። የእነሱ ሠራተኛ ድንኳን ነበረው። ኋላማ አዲስ አበባ ላይ የድንጋይ ቤት ሠሩላቸው አሉ። ካዛንቺስ የሚሉት እሱ አይደል? ያጎቴ ልጅ እዚያ ዘበኛ ሆኖ ነው ያረጀ።»

መኪናቸው መጣና ተሰናበቱኝ። እኔ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በካዛንቺስ ስንት ጊዜ አልፌአለሁ፤ ቡና ጠጥቻለሁ፣ ቀጠሮ ይዤበታለሁ፣ ማታ ማታ መሰንቆ ሰምቼበታለሁ። ለማን እንደተሠራ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ያንን ሰፈር ለማወቅ የተሳፈርኩት እንግዲህ ከጎጃም ነው፤ አሁን ሳስበው መነሻው ትክክል ነበር።

መንገዱ ከደጀን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፣ ጋቢ የለበሰው ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል፣ ከታች ጃፓኖች የሠሩት 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ይጠብቃል። ሚያዝያ 1933 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን ከገቡባት ከደብረ ማርቆስ ተነስተው በዚሁ አቅጣጫ ዓባይን ተሻግረው ነው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት። ገደሉን ስንወርድ ግን የማስበው የንጉሠ ነገሥቱን አጀብ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚህ አገር መንገድ የሚያወጣ ሰው ምን ይሰማው እንደነበርም አስብ ነበር። በ1930 ዓ.ም የጎጃም አመፅ ከተቀጣጠለ በኋላ ጣልያን እዚህ የያዘው ምሽጉንና መንገዱን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳና ሸለቆ የአርበኞቹ፣ የእነ በላይ ዘለቀ፣ የእነ ኃይሉ በለው፣ የእነ መንገሻ ጀምበሬ፣ የእነ ነጋሽ በዛብህ ነበር።

ብዙዎቻችን የጣልያንን ወረራ ስናስብ የሚታየን ታንክ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነው። ልክ ነው፤ ግን ከወታደሩ ኋላ ሌላ ሠራዊት ይከተል ነበር። አካፋና ዶማ የያዘ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ካምዮን የሚነዳ ሠራዊት። ከኢጣልያ መንደሮች፣ ሥራ ካጡ ገበሬዎችና ግንበኞች መካከል ተመልምሎ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተጫነው ሠራተኛ ወረራው በጋለበት ጊዜ ከመቶ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። እንደ ፑሪቼሊ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች መንገዱን በኮንትራት ይወስዱ ነበር። ፋሺስቱ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የገባው ቃል ሰፊ ነበር፦ ሥራ፣ ደመወዝ፣ መሬት፣ ቤት።

ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው በጦር ሜዳ ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ የአገሩን ሠራዊት ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተው ነበር። የካቲት 1928 ዓ.ም ከእርሳቸው ግንባር የተነሱ ተዋጊዎች ትግራይ ውስጥ ማይ ላህላ በተባለ ቦታ የሰፈረውን የጎንድራንድ ኩባንያ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ በሌሊት ወረሩት። ከስልሳ በላይ ኢጣልያውያን ሠራተኞች ሞቱ። ሮም ይህን ለፕሮፓጋንዳ ተጠቀመችበት፤ «ሲቪል ሠራተኞች ታረዱ» ብላ ዓለምን አስጮኸች። ለዘማቹ ግን ጦሩ የሚመጣበትን መንገድ የሚያነጥፍ ሰው ከጦሩ የሚለይ አልነበረም። እኔም ስለ ሠራተኛ ሰፈር ስጽፍ ይህ ከፊቴ አይጠፋም። የሞቱትም ድሆች ነበሩ፤ የገደሏቸውም አገራቸው የተወረረ ድሆች ነበሩ። ያን ጦርነት ካቀዱት ባለ ሥልጣናት አንድም ማይ ላህላ ድንኳን ውስጥ አላደረም።

ጦርነት ሲመጣ ለሠራተኛ ሰፈር መሥራት የጣልያን ፈጠራ አይደለም። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 1915፣ ለዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ለንደን ዳርቻ ላይ ዌል ሆል የተባለ ከሺህ በላይ ቤቶች ያሉት መንደር በአንድ ዓመት ውስጥ አቁማለች። አሜሪካ በሁለተኛው ጦርነት ኦሪገን ውስጥ ቫንፖርት የተባለች ከተማ በፈረንጆቹ ከ1942 ጀምሮ ለመርከብ ሠሪዎች ገነባች። እስከ አርባ ሺህ ሰው ከኖረባት በኋላ በግንቦት 1948 ወንዙ ግድቡን ጥሶ በአንድ ቀን ወሰዳት። አዲስ አበባን ከእነዚህ የሚለያት እነዚያ ለራሳቸው ሕዝብ በራሳቸው መሬት የተሠሩ መሆናቸው ነው። የእኛው የተሠራው ለመጤ ነው፤ በተቀማ መሬት ላይ፣ ባለ አገሩ እንዳይደርስበት ታስቦ።

ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ ያገኛት ከተማ በኮረብታና በሸለቆ መካከል፣ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ እንዳሻት የበቀለች ነበረች። ገና ዓመት ሳይሞላ የከተማ ነዳፊዎች ተሽቀዳደሙባት። ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ሳይቀር ከፓሪስ ሆኖ፣ አገሩን ሳያይ፣ ኮረብታውንና ቤቱን ሁሉ ከወረቀት ላይ ፍቆ ረዣዥም ቀጥታ መንገዶች የሰመሩበትን ንድፍ ለኢጣልያ ባለ ሥልጣናት አቅርቧል። ጆ ፖንቲ፣ ዴል ዴቢዮና ቫካሮም የየራሳቸውን አሳብ ሰንዝረዋል። ሥራው በመጨረሻ የተሰጠው ለኢኛትሲዮ ጒዲና ለቼዛሬ ቫሌ ነበር።

የጒዲና የቫሌ ፕላን ልብ አንድ ነገር ነው፦ መለየት። ነጩ መሀሉንና ምሥራቁን ይይዛል፤ ኢትዮጵያዊው ወደ ምዕራብ ይገፋል። አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው የጥንት ገበያ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደና ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ። ዙሪያው ላይ የኢትዮጵያዊው ከተማ ተሰመረ፤ አዲስ ከተማ የሚባለው ያ ነው። በሰፈሮቹ መካከል አረንጓዴ መከለያና ወንዝ እንደ ድንበር እንዲያገለግሉ ታቀደ። ገንዘብና ጊዜ ስለጠፋ ከፕላኑ የተፈጸመው ጥቂት ነው። ከተፈጸመው ጥቂት ውስጥ ግን የሠራተኛው ቤት ይገኛል።

ሁለት ዓይነት ቤት ነበር። አንደኛው ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለጸሐፊውና ለሹሙ፤ የሚሠራውም በፈረንጆቹ 1924 ኢጣልያ ውስጥ በተቋቋመው ኢንቺስ በተባለ የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ተቋም ስም ነበር። ይህ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ባለው ተዳፋት ላይ ወደቀና ካዛንቺስ ሆነ። ሁለተኛው ለግንበኛው፣ ለሜካኒኩ፣ ለሾፌሩ፣ ለአናጢው፤ ይህ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር ወደ ደቡብ ባለው ሜዳ ላይ ሆነ፤ ፖፖላሬ። መኖሪያውም ሳይቀር በማዕረግ ተደልድሎ ነበር ማለት ነው። ሹሙ ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራተኛው ወደ ሐዲዱ።

ጎንደርም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ከፋሲል ግንብ በላይና በታች ያለውን ከተማ ነድፎላታል። ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ቪላዎቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ደሴንና ጅማንም ነድፏል። ጎጃም ግን ይህን ያህል አልተሠራባትም፤ መንቆረር፣ ማለት ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ከማቆም አልፎ ሠራተኛ አስፍሮ የሚያኖርበት ዕረፍት አርበኛው ለጣልያን አልሰጠውም።

ፖፖላሬን መጀመሪያ ያየሁት በእግሬ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰፈር ከእግር የተሻለ መጓጓዣ የለም። ከለገሃር ተነስቼ ወደ ደቡብ ስሄድ የአዲስ አበባ የተለመደው ግርግር፣ የብሎኬቱና የመስታወቱ ሕንፃ፣ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። ከዚያ አንድ ጥግ ስታጠፍ ዝቅ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ፣ እኩል መስኮት ያላቸው የድንጋይ ቤቶች ተራ በተራ ቆመው አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ። መንገዱ ቀጥታ ነው፤ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ እያንዳንዱ በር ፊት ሰው ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበት ያህል ቦታ አለ። ፀሐይ በአንደኛው ረድፍ ላይ ጠዋት፣ በሌላኛው ከሰዓት እንድታርፍ ተደርጎ የተሠራ ይመስላል። ለትንሽ ሰው የተሠራ ትንሽ ቤት እንዲህ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ልደብቀው አልችልም። ማን እንደሠራውና ለምን እንደሠራው ካወቅሁ በኋላም ደስታው አልጠፋም፤ ኀዘን ተጨመረበት እንጂ።

በሩ ክፍት ከነበረ አንድ ቤት እናት ጠሩኝ፤ ፎቶ የማነሳ መስሏቸው ነበር። ቤቱን ለማየት መምጣቴን ስነግራቸው «ግባ እንጂ የኔ ልጅ፤ ውጭ ቆሞ ቤት ይታያል?» ብለው አስገቡኝ።

ግድግዳው ከክንዴ በላይ ውፍረት አለው። ፎቶግራፎቹ ግን ግድግዳው ላይ አልተሰቀሉም። ከመስኮቱ መቃን እስከ በሩ መቃን ሲባጎ ተወጥሮ እሱ ላይ ተደርድረዋል፤ የሠርጉ፣ የምርቃቱ፣ የማርያም ሥዕል።

«ምን ሆኖ ነው እማማ?» አልኳቸው።

«ምስማር አይገባውም! ባለቤቴ ነፍሱን ይማረው፣ ስንቱን ምስማር አጣሞበት ሞተ።»

አንዱ ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል፤ ልጃቸው ሲያገባ ነው። ማድቤቱ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ የተቀጠለ ነው። ጣልያኑ ያሰበው ማድቤት ፓስታ የሚቀቀልበት ጠባብ ጥግ ነበር፤ ምጣድ አያስቀምጥም፣ ጢስ አያስወጣም። ስለዚህ እዚህ ረድፍ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ከኋላው እንጀራ የሚጋገርበት የቆርቆሮ ጎጆ አለው። የደጁ ደረጃ መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። ሰማንያ ዓመት ገደማ ሰው ረግጦታል፤ ከዚያ ውስጥ ጣልያኑ የረገጠው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉም በላይ ይገርመኛል። ቤቶቹ የተሠሩላቸው ሰዎች የኖሩባቸው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታትም ከባለ አገሩ የሚለያቸው ሰፈሩ ብቻ ሳይሆን ሕጉም ነበር። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም የወጣው የኢጣልያ አዋጅ ጣልያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደነግግ ነበር። የወጣውም የካቲት 12 ሕዝቡ በየቤቱና በየመንገዱ በተጨፈጨፈ በሁለተኛው ወር ነው። ሰፈሩና ሕጉ የአንድ አሳብ ሁለት እጆች ነበሩ፤ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በወረቀት። ሰው ግን ሰው ነው። ሕጉ ወጥቶ ሳለም ልጅ ተወልዷል፣ ትዳር ተመሥርቷል። ብዙ ጣልያናዊ ሠራተኛም ከነጻነት በኋላ እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፍቷል፣ አግብቷል፣ አፈር ገብቷል።

የቀሩት ሄዱ። ከነጻነት በኋላ እንግሊዞች ጣልያናውያኑን ሰብስበው ወደ ወደብ አወረዷቸው። በፈረንጆቹ 1942 እና 1943 ሳቱርኒያ፣ ቩልካኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ዱይሊዮ የተባሉ ነጭ ቀለም የተቀቡ መርከቦች ሴቶችን፣ ሕፃናትንና ሕሙማንን ጭነው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞረው ወደ ኢጣልያ ወሰዱ። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ከፖፖላሬ በር ቆልፋ የወጣች አትጠፋም። ቁልፉን ለማን ሰጥታ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን ሲገቡ ክፉን በክፉ እንዳትመልሱ ብለው ሕዝቡን መክረው ነበር፤ ሰውም በአብዛኛው ሰማ። ባዶው ቤት ግን ባዶ ሆኖ መቅረት አይችልም። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የጦር መኮንኖች፣ ከስደትና ከበረሃ የተመለሱ ቤተሰቦች ገቡበት።

ካዛንቺስም እንዲሁ ነው። ከነጻነት በኋላ ሹሙና ጸሐፊው ገባበት። በ1950 ዓ.ም አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋምና በ1953 የአፍሪካ አዳራሽ እደጁ ላይ ሲከፈት የአህጉሩ ዲፕሎማት ጎረቤት ሆነለት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሒልተን መጣ። ቡና ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ተከተለ። ከዚያ ሐምሌ 1967 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ቤቱን ሁሉ በቀበሌና በኪራይ ቤቶች እጅ አስገባው። አንድ ቤት ሦስት አራት ቤተሰብ ሆነ፣ የአትክልቱ ቦታ ክፍል ሆነ፣ ኪራዩ እንደ ምንም ትንሽ ሆነ። ለአንድ የጣልያን ጸሐፊ ቤተሰብ የተሠራው ግቢ ልብስ ሰፊውን፣ አስተማሪዋን፣ ጡረተኛውን ወታደርና የጠላ ጠማቂዋን አብሮ አኖረ። ዕድሩም በዚያ ተቋቋመ፣ ማኅበሩም በዚያ ተጠጣ።

የአምበሩ ሽማግሌ ዘበኛ ሆኖ አረጀ ያሉት የአጎታቸው ልጅ የገባበት ካዛንቺስ ይህ ነው። ከጎጃም ደጋ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ብዙ ነው። በካዛንቺስ አስፋልት ዳር ሎተሪ የያዙትን ልጆች አገራችሁ የት ነው ብሎ የጠየቀ ያውቃል፤ ብዙዎቹ ጎጃም ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንዱን፣ ፊቱ ገና የደጋ ፀሐይ ያልለቀቀው ልጅ፣ ከጎጃም ከየት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ከማርቆስ ዝቅ ብሎ ነው፤ አያውቁትም።»

«ንገረኛ።»

«አምበር።»

አውቀዋለሁ ስለው ዓይኑ ፈጠጠ። ስለ ጮቄ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አስፋልቱ አወራን። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሚያድርበትን ቤት አሳየኝ። ከጣልያን ቪላ ጀርባ የተቀጠለ አንድ ክፍል ነበር፤ አንደኛው ግድግዳው የጥንቱ ድንጋይ፣ ሦስቱ ጭቃ። የቪላው ግድግዳ ቀን የመጠጠውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ አልጋቸውን ወደሱ ማስጠጋታቸውን ነገረኝ። ጒዲና ቫሌ ካርታ ላይ መስመር ሲያሰምሩ፣ ኢትዮጵያዊው እዚህ አያድርም ሲሉ፣ ያ ድንጋይ የአምበር ልጅ ጀርባ እንዲያሞቅ አላሰቡም ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ መሰንቆው ነበር። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ነበር። ፈንድቃ ከሁሉ ይታወቅ ነበር፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይዞት ስሙ ባሕር ማዶ ድረስ ተሰምቷል። የጎጃምና የጎንደር አዝማሪ እዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ቆሞ እንግዳውን እያየ በቅኔ ሲሰድብና ሲያወድስ፣ ቅኔውን የሚፈታው ሰው ሲስቅ፣ የማይፈታው ፈረንጅ አብሮ ሲያጨበጭብ ሰምቻለሁ። የአዲስ አበባን ነፍስ የት አገኘኸው ቢሉኝ እዚያ እላለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የካዛንቺስ አንድ ክፍል ለሆቴልና ለቢሮ ሕንፃ ተነሳ። ቀሪው በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ፣ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። የፈንድቃ ግቢም ፈረሰ። ነዋሪው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ፤ ገላን ጉራ የደረሰው ብዙ ነው። አዲስ የተሰጠው ቤት ውኃና ሽንት ቤት በውስጡ እንዳለው አውቃለሁ፤ በሦስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የኖረ ሰው ይህን እንደ ቀላል እንደማያየውም አውቃለሁ። ድህነትን ማፍረስ ተገቢ ነው። ነገር ግን የድንጋዩ ቤት ድህነት አልነበረም። ድህነቱ በላዩ ላይ የተቀጠለው ቆርቆሮ፣ የፈነዳው የፍሳሽ ቱቦ፣ ለሃምሳ ዓመት ያልታደሰው ጣሪያ ነበር። ጥቂቱ ቤት ተጠግኖ፣ ጥቂቱ ሰው እዚያው ቀርቶ፣ ዕድሩ ሳይበተን ከተማው ሊያምር ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ። የወራሪ ቤት ነው ይፍረስ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ለእኔ ቤቱን ለአራት ዓመት የኖረበት ሳይሆን ለሰማንያ ዓመት የኖረበት ነው ባለቤቱ።

የፈረሰውን ቦታ ሄጄ አይቻለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያምራል። የአምበሩን ልጅ ፈልጌ አጣሁት። ሎተሪ ሻጮች ወደ መገናኛና ወደ ቦሌ መሄዳቸውን አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ነገረችኝ፤ ደንበኞቿ አብረዋቸው ሄደውባታል።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው የሠራተኞቹን ሰፈር ማየት ከፈለገ እግሩን ወደ ፖፖላሬ ያንሳ። ከለገሃር ጣቢያ ፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ካለበት ይነሳና ወደ ደቡብ ያቅና፤ መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ፖፖላሬ ማለት ብቻ ይበቃል። ጠዋት ቢሄድ ይሻላል፤ ፀሐይዋ ድንጋዩን ከጎን ስትመታው የግንበኛው መዶሻ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ይታያል። ካሜራ ከማውጣቱ በፊት ሰላም ይበል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ፎቶ ያነሳባቸው ሰው ሁሉ ሊያፈርስ የመጣ ይመስላቸዋል፣ አይፈረድባቸውም። በረድፉ መካከል ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ደጃፉን፣ መቃኑን፣ ከኋላ ያለውን የማድቤት ጎጆ ይመልከት። ግቡ ካሉት ይግባ። ቡና ካቀረቡለት እስከ በረካ ይቀመጥ፤ አንደኛውን ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ምንም አይነገረውም። ቤቱ መጀመሪያ የማን እንደነበር፣ ማን ለማን እንዳስተላለፈው፣ ማን እዚያ እንደተወለደ ይጠይቅና የሰማውን ይጻፈው፤ ወይ በስልኩ ይቅረጸው። እኔ ከካዛንቺስ እንዲህ የጻፍኩት ከአሥር ቤት አይበልጥም፤ የቀሩትን ልጠይቅ ስመለስ ሰዎቹ የሉም።